ተቆጥሯል

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ደረጃውን እየሰደቡ ነው የሚወጡት? እኔ ተመስገን ነው፤ ከብርዱ በቀር የሚከፋ ነገር የለም። ለሁለታችሁም ጤናውን ከነሳቁ ያድላችሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ "ዳር ዳር አትበል" እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ጡረታ የወጡ ዕለት በስልክ "ሁለቱን ወንዞች አሳይዎታለሁ" ብዬዎት ነበር። "እኔ በጠመኔ አይቻቸዋለሁ" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ቡናማ ጠመኔ ለደፍራሹ፣ ሰማያዊ ጠመኔ ለጥሩው፣ ሰሌዳው መሀል ላይ ቀጥ ያለ መስመር። "ስድስት ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይቀላቀሉም!" ይሉን ነበር። ይኸው በሥራዬ ምክንያት በየሳምንቱ አያቸዋለሁ፤ ባየኋቸው ቁጥር የሚሰማኝ የእርስዎ ድምፅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩትን ነገር በዓይንዎ ሳያዩ ቢቀሩ ነውሩ የኔ ነው። ቤትዎ አራት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩ የአክስትዎ የልጅ ልጅ እኔ ነኛ!

የአውሮፕላኑን ነገር ለኔ ይተዉት። የእርስዎ የቤት ሥራ መምረጥ ብቻ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ የኩባንያችን አውቶቡስ ነው። አርባ ሁለት ሰው፣ አምስት ቀን፣ ሰባት ቦታ። ርካሽ ነው። አስጎብኚዋ በማይክ ትናገራለች፤ ወንዞቹ ጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆማል፤ ከዚያ ሰው ተቆጥሮ ጉዞ።

ሁለተኛው የግል ጉዞ ነው። እኔና እርስዎ፣ አንዲት ትንሽ መኪና፣ ሦስት ቀን። እየነዳሁ አስጎበኝዎታለሁ፤ ሲፈልጉ እንቆማለን፣ ሲደክምዎ እናርፋለን። እንደሚያውቁት ዋና አስጎብኚ ከሆንኩ ወዲህ መኪና አይቸግረኝም። ምክሬ ይኸኛው ነው። እርስዎን የሚያህል ሰው እንደ በግ እየተቆጠረ አይጓዝም።

መልስዎን በጉጉት የምጠብቅ፣

ሠላሳ አንድ
(የስም መጥሪያው ላይ የነበረኝ ቁጥር ስም ሆኖብኝ ቀረ፤ እትዬ ናቸው ጥፋተኛዋ።)


ጥቅምት 25 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ደብዳቤህ በደህና ደርሶኛል። ጤንነትህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ ያሰብከውን ያሳካልህ። እኛ ደህና ነን። እትዬህ አሁን ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ደረጃውን የሠራውን ግንበኛም ጨምራ ትሰድባለች።

ግብዣህን እንቢ ለማለት ሦስት ጊዜ ወረቀት አንስቼ ነበር። ወንዞቹን ማየት ግን እፈልጋለሁ፤ ይህን ልደብቅህ አልችልም። ስለዚህ ጥያቄህን በሥርዓት መርምሬዋለሁ። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በግራ የቡድኑን፣ በቀኝ የግሉን ጻፍሁ። በግል ጉዞው በኩል የቆመው ነፃነት ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። በቡድኑ በኩል ግን ወጪው ያንሳል፤ ሰባት ቦታ ይታያል፤ የማላውቃቸውን ሰዎች አገኛለሁ፤ አንተም ከሥራህ አትስተጓጎልም። በዚህ ሚዛን አውቶቡሱን መርጫለሁ።

ጥቂት ማብራሪያ እፈልጋለሁ። "ሃያ ደቂቃ ያህል" ብለሃል፤ ያህል ቁጥር አይደለም። ሃያ ነው ወይስ ሃያ አምስት? መጸዳጃ ቤት በስንት ሰዓት ልዩነት ይገኛል? በዕድሜዬ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊትስ ሰዎቹን የሚቆጥረው ማን ነው? እንዴት ነው የሚቆጥረው?

አክባሪህ፣

ጋሼህ


ኅዳር 10 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነእቅፉ ይድረስዎ። ለእትዬም ግንበኛውን እንዲምሩት ይንገሩልኝ፤ ምናልባት እሱም አሁን ጉልበቱን ይዞ እየወጣ ይሆናል።

ጋሼ፣ ምነው? ሰው በነፃነትና በማይክ መካከል ሲመርጥ ማይኩን ይመርጣል? አውቶቡሱን ላስረዳዎት። መስኮቱ አይከፈትም። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ብርቱካን ይልጣል፣ አንዷ ከመነሻ እስከ መድረሻ ለእህቷ ስልክ ትደውላለች። አስጎብኚዋ ሰዓት አክባሪ ናት፤ አንድ ደቂቃ ያረፈደን ሰው የምታይበት ዓይን ውኃ ያፈላል። ወንዞቹ ጋ ሃያ ነው፤ ሃያ አምስት አይደለም። መጸዳጃ በየሁለት ሰዓቱ።

የሚቆጥረው ረዳቱ ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ነው፤ ሻንጣም የሚጭነው እሱ ነው። የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

እኔማ የቆጠራን ነገር ከእርስዎ ተምሬዋለሁ። ያን ጊዜ ከክፍሉ ጋር ውኃ ማጣሪያ ጣቢያው ሄደን ከሰልፍ ወጥቼ ስጠፋ፣ በማግስቱ ሰልፍ ላይ አላንበረከኩኝም? ተገቢ ቅጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰልፍ ወጥቼ አላውቅም፤ እዚህ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ስሰለፍ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው።

እባክዎ ያስቡበት። መኪናዋ ትሻላለች።

ሠላሳ አንድ


ኅዳር 29 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጤና ነን።

ምርጫዬን እንደገና መርምሬ አልቀየርኩትም። ያልካቸውን እንቅፋቶች አንድ በአንድ አይቻለሁ። ማንኮራፋቱን በተመለከተ፣ ከእትዬህ ጋር አርባ ዓመት የኖረ ሰው አይደነግጥም። ብርቱካን ልጣጭ ሽታው ጥሩ ነው። መስኮት ባይከፈት ብርድ አይገባም። ሰዓት አክባሪነት ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ በአውቶቡሱ መዝግበኝ። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ባንጽፍ ይሻላል።

ጋሼህ

[በዳሩ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ]
ሠላሳ አንዴ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፈው አምስቴ ቀድዶ ነው። የቀደደውን ከቅርጫት አንስቼ እንዳላነብ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ምን ጻፍክለት? እትዬህ።


ጥር 16 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደህና ነኝ። ከጻፉልኝ ወር ከግማሽ አልፎታል፤ በየቀኑ ልጽፍ እነሳና ጫማዬን ስጠርግ ይመሻል።

እውነቱን ልንገርዎ። ዋና አስጎብኚ አይደለሁም። ጭራሽ አስጎብኚ አይደለሁም። ያ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው ሰው እኔ ነኝ። ረዳት ነኝ። በዚህ ሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሻንጣ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ፤ ልጅ ሲያስመልሰው ወለሉን እጠርጋለሁ፤ ሹፌሩ "ሂድና ኋላውን እይልኝ" ሲለኝ ወርጄ እጄን አወዛውዛለሁ። አስጎብኚዋ በዕድሜ አሥር ዓመት ታንሰኛለች፤ ስሜን አታውቀውም፤ በጣቷ ነው የምትጠራኝ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በስልክ "አስጎብኚ ኩባንያ ገባሁ" አልኩ፤ እናቴ "አስጎብኚ ሆነ" ብላ ለሁሉም አወራች፤ እርስዎ ደግሞ "ኮራሁብህ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማረሙ ከበደኝ። ዋና የሚለውን ግን እኔው ነኝ የጨመርኩት፤ በእናቴ አላላክክም።

የግሏ መኪናም የሰው ናት። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ዳቦ የሚያመላልስባትን መኪና ለሦስት ቀን ሊያውሰኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። መቀመጫዋ ዱቄት ነው። ውስጧን አጥቤ፣ ኮት ለብሼ፣ ሦስት ቀን ትልቅ ሰው መስዬ ልታይዎ ነበር ሐሳቤ። አውቶቡሱን ሲመርጡ ያን ሁሉ ሰበብ የደረደርኩት ለዚህ ነው። ሻንጣዎን ተሸክሜ ሲያዩኝ ፊትዎ ምን ይሆናል እያልኩ ነው።

"እንዴት ይቆጠራል?" ብለውኝ በአጭሩ ዘልዬው ነበር፤ አሁን ልመልስ። ከሥራዬ ሁሉ የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው። ሰው ቁጥሩን እንዲጠራ አላደርግም። ከፊት እስከ ኋላ እሄዳለሁ፣ እያንዳንዱን ወንበር በእጄ እነካለሁ፣ ሰውየውን ዓይኑን አያለሁ። ከኋላ ወደ ፊት ስመለስ እደግመዋለሁ። ሁለቱ ካልገጠመ በሩን አልዘጋም። ሹፌሩ ይሰድበኛል። ይስደበኝ።

እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው። መቅረትም ምርጫ ነው፤ አልቀየምም።

ረዳቱ


ጥር 30 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ሰላም፣ ጤና፣ የልብ ዕረፍት ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ትናንት ረፋድ ላይ ደረሰኝ። ዛሬ የምመልሰው እንደልማዴ አስቤበት አይደለም፤ ካደርኩበት እንደገና እንደምቀድደው ስለማውቅ ነው።

ሻንጣ መሸከም አያሳፍርም። ይህን እንደ መምህር አልነግርህም፤ ያንን ቦታ አጥቻለሁ። አሁን እኔ ልናገር።

ያን ቀን ከሰልፍ አልወጣህም። ይህን አንተ አታውቅ ይሆናል፤ እኔ አውቃለሁ።

የኔ የአቆጣጠር ዘዴ ትዝ ይልሃል። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩን ይጠራል፤ አርባ ስድስት ሲሞላ እንሄዳለን። በዘዴው እኮራ ነበር። የትምህርት ቢሮው ተቆጣጣሪ የዚያን ዕለት አብሮን የሄደው ዘዴውን አይቶ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊያስተላልፍ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ልንነሳ ስንል አንተ ከማጣሪያው ሕንፃ ጀርባ መጸዳጃ ቤት ነበርክ። ፈቃድ ጠይቀህ ነው የሄድከው፤ የፈቀድኩልህም እኔ ነኝ። ሠላሳ ቁጥር የነበረው የአናጺው ልጅ እንዳትቀጣ ብሎ፣ አሁን ይመጣል ብሎ፣ ያንተንም ቁጥር ጠራልህ። ለጓደኛው ያሰበ ልጅ ነው። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም። ሰዓቴን ነበር የማየው፤ ተቆጣጣሪው በስንት ሴኮንድ እንደጨረስን እንዲያይልኝ።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። ቀጥሎ ያለው ግን ስህተት አይደለም።

በአውቶቡስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ፣ ድልድዩ ጋ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከኋላ ተነስታ መጣች። "መምህር፣ ሠላሳ አንድ የለም" አለችኝ። ዞሬ ወንበርህን አየሁ። ባዶ ነበር። ተቆጣጣሪው አጠገቤ ተቀምጦ ማስታወሻው ላይ ይጽፍ ነበር። እኔም "ተቆጥሯል፤ ተቀመጪ" አልኳት።

ተቀመጠች።

አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይቀረን ነበር፤ ሄድን። ትምህርት ቤት ደርሰን ተቆጣጣሪው ሻይ ጠጣ፤ አመሰገነኝ፤ እጄን ጨበጠኝ። እሱ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከዚያ በአሸዋ ጫኝ መኪና ተመለስኩ። ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ከዘበኛው ጋር በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሃል። አላለቀስክም። ተነስተህ "ይቅርታ ጋሼ፣ አዘገየሁዎት" አልከኝ።

በማግስቱ ወሬው እንዳይወጣብኝ "ከሰልፍ ወጥቶ ጠፋ" ብዬ በአርባ ስድስቱም ፊት አንበረከክሁህ። አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። የምትኖረው በቤቴ ነበር፤ ለማን ትከሰኛለህ? ማታ እትዬህ ጉልበትህን በሞቀ ውኃ አጠበችልህ። ምንም አልጠየቀችኝም። እስካሁንም አልጠየቀችኝም።

ዘዴዬ በሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሥራ ላይ ውሏል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አውቶቡሱን የመረጥኩት በግራና በቀኝ ከፍዬ ስለመዘንኩ አይደለም። ወረቀቱ ለይስሙላ ነው። በትንሽ መኪና ሦስት ቀን ጎን ለጎን ከተቀመጥን ያ ቀን ይነሳል ብዬ ፈራሁ። በአርባ ሁለት ሰው መሀል መደበቅ ፈለግሁ። "ተገቢ ቅጣት ነበር" ብለህ ስትጽፍልኝ ደግሞ እውነቱን ልነግርህ አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቴም ስለ ብርቱካን ልጣጭ ጻፍኩልህ።

አሁንም አውቶቡሱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ ግን ተቀይሯል። ስትቆጥር ማየት እፈልጋለሁ። ከዚህ በኋላ እንድመጣ ካልፈለግህ ግን ዝም በል፤ ይገባኛል።

ጋሼህ ለማለት የማልደፍር፣

መምህሩ


መጋቢት 2 ቀን

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ በዚያው ሳምንት ነግራኛለች። ሃያ ሦስት ዓመት አውቄዋለሁ። "ተገቢ ቅጣት ነበር" ያልኩትም የሚሉትን ለመስማት ነው። ብርቱካን ልጣጩ ሲመጣ ደብዳቤውን አጣጥፌ ጫማ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ስለ ይቅርታ አሁን መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር፤ አልመጣም። አንድ ወር የዘገየሁት ለሱ ነው።

ትኬትዎ ከዚህ ጋር አለ። አውቶቡሱ ሚያዝያ 8 ቀን ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሳል፤ ያህል የለውም። ወንበርዎ አራተኛው ረድፍ፣ በመስኮት በኩል። ብርድ ልብስ ይያዙ።

ረዳቱ


ሚያዝያ 21 ቀን

ለውድ ልጄ፣

በደህና ገብቻለሁ። ስላደረግህልኝ ሁሉ ፈጣሪ በምትፈልገው ቀን በምትፈልገው መጠን ይክፈልህ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተለያየነው በችኮላ ነው፤ በአምስቱ ቀንም ብዙ አላወራንም። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። ሻንጣዬን ከእጄ ስትወስድ እኔም ያዝ አደረግሁት፤ ሁለታችንም ለቀቅነው፤ እግርህ ላይ ወደቀ። ለዚያም ይቅርታ። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ስትቆጥር ዓይኔን ታየዋለህ፣ ወንበሬን ትነካለህ፣ ታልፋለህ። እንደ ሌላው ተሳፋሪ ነበርኩ። አልከፋኝም።

ስለ ሦስተኛው ቀን ግን መጻፍ አለብኝ፤ ያኔ አፌ አልታዘዘልኝም።

ወንዞቹን አየሁ። ቀጥ ያለ መስመር የለም። ለሠላሳ አራት ዓመት በማስመሪያ ያሰመርኩት መስመር በቦታው የለም። ደፍራሹ ጥሩው ውስጥ እየገባ ይጠማዘዛል፤ ጥሩውም ደፍራሹ መሀል እንደ ኩሬ ይታያል፤ አንዳንድ ቦታ የትኛው የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም። ተሳስቼ ያስተማርኳቸውን ልጆች ልቆጥር ጀመርኩ፤ በዓመት ስንት ክፍል፣ በክፍል ስንት ተማሪ እያልኩ። ሰዓቴ እጄ ላይ ነበር፤ አላየሁትም። ጥሩምባው ሲጮህ ለሌላ ሰው መሰለኝ።

ከወንዙ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን ደረጃ ስወጣ አውቶቡሱ ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። በመስኮቱ ሁሉ ፊት አለ፤ ሁሉም ያየኛል። አስጎብኚዋ ሰዓቷን እየጠቆመች ትናገራለች፤ ሹፌሩ ይጮሃል። ቋንቋቸውን ባላውቅም ምን እንደሚሉ ገባኝ፤ እኔም በአንድ ወቅት በሌላ ቋንቋ ብዬዋለሁ። አንተ ሰደርያህን ለብሰህ አንድ እግርህ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ አንድ እግርህ መሬት ላይ ነበር። በሩ እንዳይዘጋ በትከሻህ ይዘኸዋል።

ሰባት ደቂቃ ነው ያስቆምኳችሁ። ልሮጥ ሞከርኩ፤ እግሬ እንቢ አለ። አጠገብህ ደርሼ ትንፋሼን ስሰበስብ ከአፌ የወጣው "ይቅርታ፣ አዘገየሁህ" የሚል ነበር። ካልኩ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወቀኝ። ፊትህን ለማየት አልቻልኩም፤ የሰደርያህን ቁልፍ ነበር የማየው። አንዱ ቁልፍ በሌላ ክር ተተክሏል።

እጅህን ትከሻዬ ላይ አሳረፍክ። "አርባ ሁለት" አልክ፤ በኛ ቋንቋ። ከዚያ ገብተህ ከፊት ጀምረህ ደግመህ ቆጠርክ።

ቤት ስገባ እትዬህ ጉልበቷን ይዛ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። "እህ፣ ምን አየህ? ሳታያቸው ያወራኸው ይበቃ ነበር እኮ" ብላ ቀለደችብኝ። ስለ መስመሩ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ከውኃ ማጣሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ "ጉልበቱን ሳጥብ አሸዋ ነበረበት፤ እኔ እኮ ያን አሸዋ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም" አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ቆይታ ደግሞ "የሄድክበት አውቶቡስስ እንዴት ነው?" ስትል ጠየቀችኝ።

"ማንም አልቀረም" አልኳት።

አክባሪህ፣

ጋሼህ፤ ከፈቀድክልኝ